ትሎችሽ ስም ወጣላቸው

ውዴ አስትዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ፋሲካ አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጽፍልሽ ብዙ ቀን ብዕር አንስቻለሁ፤ የምጽፈው ሁሉ ልቅሶ ልቅሶ እያለ አስቸገረኝና ተውኩት። አንቺ ደግሞ የሚያላዝን ሰው እንደማትወጂ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የምሥራች ይዤልሽ መጥቻለሁ። ጽሑፍሽ ታተመ። ትሎችሽ ስም ወጣላቸው። አዎ፣ ትሎችሽ ነው ያልኩት፤ አንድ አይደለችም፣ ሁለት ናቸው።

ይህን ስትሰሚ መነጽርሽን ወደ ግንባርሽ ገፍተሽ "ሁለት ስትል?" እንደምትዪኝ ይታየኛል። ታገሺኝ፣ በየተራው እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን። ልጃችን ሊዲያ ፈተናዋን አልፋ ሐዋሳ ገብታለች። የምታጠናው ሕግ ነው። ለምን ባዮሎጂ አትሞክሪም ብላት "የእማዬን ዓሣ ሳሸት አድጌያለሁ፣ ይበቃኛል" አለችኝ። በቁመት በልጣሻለች፤ ስትቆጣ ግን ድምፅዋ ቁርጥ አንቺን ነው። ባለፈው ስልክ ደውላ የደም ግፊት መድኃኒቴን እንዳልረሳ ስትገሥጸኝ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜ ነው የሰማኋት። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ አፈራ፤ ጦጣዎቹም እኛም እኩል በላነው። የፍሪጁ የላይኛው ክፍል አሁንም ያንቺ ነው። ሥጋ የሚገባው ከታች ነው፤ ከላይ አምባዛ የተባለው ዓሣ ጭንቅላት አለ። በቀደም አንድ እንግዳ በረዶ ፈልጎ ከፍቶት፣ ከነጺሙ ካፈጠጠ አምባዛ ጋር ተፋጠጠና ውሃውን ሳይጠጣ ሄደ።

እኔን ወደዚህ ሥራ እንዴት እንዳስገባሽኝ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከጎጃም ወጥቼ አርባ ምንጭ ስመጣ የድሮዊንግ መምህር ነበርኩ፤ ቦልትና ጥርስ ያለው መዘውር በማስመሪያ ስስል የኖርኩ ሰው። አንቺ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ዓሣ ተውሳክ ታስተምሪያለሽ። ተጋብተን ስንት ዘመን የኔና ያንቺ ሥራ የሚገናኝ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ይዘሽ መጣሽና ቤተ ሙከራ ወስደሽ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስሽኝ። "አንተ ማሽን ትስል የለ? ይኸው ማሽን" አልሽኝ።

አየሁ። ከጨው ቅንጣት የምታንስ ጠፍጣፋ ትል፣ ከኋላዋ መንጠቆ አላት፣ መንጠቆዎቹን የሚያያይዝ ድጋፍ አላት፣ ዙሪያዋን ደግሞ ጥቃቅን ጥፍሮች። የክሬን መንጠቆ መሰለኝ። ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ በዚያ ይዛ ዕድሜዋን ሙሉ እንደማትለቅ ነገርሽኝ። ያን ጊዜ ነው የተማርኩት፤ የትሏ ገላ ለስላሳ ስለሆነ በመስታወት ሲጫኑት ቅርፁ ይለዋወጣል፣ ዘሯ የሚታወቀው በጠንካራዎቹ ነገሮች፣ በመንጠቆዋና በወንዴው ብልት ቅርፅ ነው። ይህንን የመጨረሻውን ለመዘምራን ጓደኞችሽ እንዳልናገር አስምለሽኝ ነበር። እኔ ሚስቴ ትል ታጠናለች ያልኳቸው ብቻ በቅቷቸው፣ ከዚህ ሥራ እንዲያወጣሽ ጸልየውልሻል።

የመጀመሪያውን ሥዕል በቀለም አሳምሬ ሳቀርብልሽ ግን አልወደድሽውም። ግራና ቀኙን እኩል አድርጌው ነበር፣ እንደ ሙያዬ። "መስፍኔ፣ አታሳምርልኝ። የተጣመመው ተጣሞ ይሳል" አልሽኝ። እኔም ተቀየምኩ፤ ሻይ እስክታፈዪ ድረስ አላናገርኩሽም። ከዚያ ወዲህ ግን ያየሁትን ብቻ ሳልኩልሽ።

ከዚያ ሕመምሽ መጣ። ስለ ትሏ የጻፍሽውን ለመጽሔት ልከሽ መልሱን ስትጠብቂ አልጋ ያዝሽ። የመጽሔቱ ገምጋሚዎች መልስ የደረሰሽ ጠዋት ላይ ነበር፣ በረንዳው ላይ ፍራሽ ዘርግተንልሽ። አዲስ ዝርያ ነው ለማለት ማስረጃው አይበቃም አሉ። ናሙናው ጥቂት ነው፣ የመንጠቆዎቹ ልክ እርስ በርሱ በጣም ይለያያል፣ የአንድ ዘር ትል እንዲህ አይለያይም፣ ምናልባት ቀድሞ የታወቀ ዝርያ ይሆናል አሉ። እኔ ተናድጄ ቆምኩ። አንቺ ደግመሽ አነበብሽውና ስልኩን አቀበልሽኝ። "ልክ ናቸው። ሌላ ዓሣ ያስፈልጋል" አልሽ። ለሰላማዊትም፣ ተማሪሽ ለነበረችው፣ ዛሬ ባንቺ ወንበር ለምታስተምረው፣ የነገርሻት ይህንኑ ነው፦ "አትቸኩሉ፤ ግን እንዳትተዉት።"

ከቀብርሽ በኋላ እኔ ትቼው ነበር ማለት ይቻላል። ዓሣ ማየት አስጠላኝ። ሰላማዊት ግን አንድ ከሰዓት መጥታ የናሙና መስታወቶችሽን ሣጥን እንክፈት አለችኝ። ከፈትነው። የአርባ ምንጭን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ የመስታወቶቹ ጠርዝ የታሸገበት ተሰነጣጥቆ ፈሳሹ ደርቋል። ትሎቹ ደብዝዘው አንዱም መንጠቆ አይለይም። ወደ ሙዚየም ይላካሉ ያልሻቸው፣ ዓለም ሁሉ ያመሳክርባቸዋል ያልሻቸው ዋናዎቹ ሳይቀሩ ጠፍተዋል። ሰላማዊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። "ጋሼ፣ በዚህ የትም አንደርስም" አለች። አንቺ በረንዳው ላይ ያልሽው ትዝ አለኝና "እንግዲያው ዓሣ እንፈልጋ" አልኳት። ለራሴም ገረመኝ።

ጫሞ ላይ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ወጣን። ነፋሱ አላስቀምጥ ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰን። በሦስተኛው አዞዎቹ ከአሸዋው ላይ እያዩን፣ እኔ የጀልባዋን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጌ ይዤ፣ ሰላማዊት እየሳቀችብኝ፣ በሕይወት ያሉ አምባዛዎች በበርሜል ይዘን ተመለስን። ትልሽ በስንጥባቸው ላይ ነበረች። ረጅምና ቀጥ ያለ መንጠቆዋን እንደ ዘመድ ለየኋት።

በዚያው ሰሞን እናትሽ ከመንደራቸው ከጫኖ ደወሉ። የሚያዝያው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት፣ በመስኖው ቦይ በኩል ውሃው የሙዝ ማሳው ውስጥ ገብቷል፤ ሲጎድል አምባዛ ጥሎ ሄዷል። "የልጄን ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ኑ። ካልሆነ ጎረቤት ይጠብሰዋል" አሉን። ከከተማው ከሲቀላ ሰፈር ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ባልዲ ታቅፈን ሄድን። ያንን ቦይ አባትሽ ሻንቆ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአካፋ ያወጡት እንደሆነ ነግረሽኛል፤ ስደርስ ሁልጊዜ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። እናትሽ ዓሣዎቹን በግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ አድርገው፣ የሙዝ ቅጠል አልብሰው፣ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሊጠብስ የመጣ ጎረቤት ካለ ባዶ እጁን እንደተመለሰ ከፊታቸው ያስታውቃል።

በማግሥቱ ሰላማዊት የመጀመሪያውን ስንጥብ አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው። በቀጭን መርፌ ትሎቹን እየለቀመች መስታወት ላይ አኖረች። ከዚያ አንዱን ደጋግማ አየችው። እኔ እርሳስ እየቀረጽኩ ነበር።

"ጋሼ፣ እስቲ ይምጡ" አለችኝ። "ይቺ ያቺ ናት?"

አየኋት፣ አስትዬ። አይደለችም። መንጠቆዋ አጭር ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል። ድጋፏ ላይ ደግሞ የጫሞዋ የሌላት ትንሽ እሾህ ወጥታለች። ሌላ መስታወት አየን፣ ሌላ ዓሣ፣ ሌላ ስንጥብ። የጫኖዎቹ ሁሉ እንዲህ ናቸው። የጫሞዎቹ ሁሉ እንዲያ ናቸው። ሰላማዊት የድሮ ሥዕሎቼን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና ከየትኛው ዓሣ እንደተሳሉ አንድ በአንድ አየች። አንቺ በየበዓሉ እናትሽን ጠይቀሽ ስትመለሺ ከጫኖ ዓሣ ይዘሽ ትመጪ የለ? ትሎቻቸውን ከጫሞዎቹ ጋር እንደ አንድ ዘር ቆጥረሽ መርምረሻቸው ነበር። ገምጋሚዎቹ እውነታቸውን ነው፤ የአንድ ዘር ትል እንዲህ አይለያይም። ጽሑፍሽን የጣለው ልዩነት ራሱ ግኝትሽ ሆኖ ተገኘ። እኔ በሙያዬ አስተካክዬው ቢሆን ኖሮ አይታይም ነበር። ያን ቀን ስላስቀየምሽኝ አመሰገንኩሽ።

ግን አትቸኩሉ ብለሻልና አልቸኮልንም። መንጠቆ በዕድሜም በአያያዝም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ትሎች በአልኮል አድርገን ለዘረ መል ምርመራ ላክን። መልሱ ቆየ። ሰላማዊት በየቀኑ ኢሜይሏን ታያለች፤ እኔ በየቀኑ የሰላማዊትን ፊት አያለሁ።

መልሱ ሲመጣ ሲቀላ ገበያ ሽንኩርት እየገዛሁ ነበር። ስልኬ ጮኸ። ባጃጁ፣ የሻጩ ጥሪ፣ የድምፅ ማጉያው መዝሙር ሁሉ ተደባልቆ የሰላማዊት ድምፅ አልሰማ አለኝ። "ምን? ድገሚልኝ" እላለሁ። "ሁለት ናቸው፣ ጋሼ። በዘራቸውም ሁለት ናቸው" አለችኝ። እኔም ሳይታወቀኝ ጮክ ብዬ "ሁለት ናቸው" አልኩ። ሽንኩርት ሻጯ ሁለት ኪሎ መዘነችልኝ። ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ማንም እንዳያየኝ ብዬ መነጽሬን እየጠራረግሁ። ብቻዬን ለምኖር ሰው ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ምን ያደርጋል፤ ግማሹን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ ምክንያቱን ሳልነግራቸው ደስታዬ ገባቸው።

ከዚያ በኋላ የስም ጉዳይ መጣ። የጫሞዋን አንቺ ራስሽ በሐይቁ ስም እንድትጠራ ብለሻል፤ በሱ ላይ ክርክር አልነበረም። ሁለተኛይቱን ግን እኔ አስቴር እንድትባል ፈለግሁ። አጥብቄ ፈለግሁ። ሰላማዊት አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና "ጋሼ፣ የጽሑፉ የመጀመሪያዋ ጸሐፊ እሷ ናት። ጸሐፊ በገዛ ሥራው ላይ በራሱ ስም አይሰይምም፤ ነውር ነው። በስሟ እንጥራት ካልን ከጸሐፊነት ልናወጣት ነው" አለችኝ። ከሁለት አንዱን ይምረጡ ማለቷ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙ ቀን አልቆረጠልኝም። ትሏ ላይ ስምሽ ለዘላለም ይኖራል ብዬ አስባለሁ፤ ደግሞ ደክመሽ የሠራሽው ሥራ ላይ ስምሽ ሳይኖር ቢቀር ይቆረቁረኛል።

በመጨረሻ ጫኖ ሄጄ ለእናትሽ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። "ልጄ ትል አይደለችም" አሉ። "የሠራችው ነገር ላይ እሷ ሠራችው ብላችሁ ጻፉ። ትሏን ግን የተገኘችበትን አገር ስም ስጧት።" ስልክ ደውዬ ለሊዲያ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሕግ እንደምታጠና አመንኩ፤ "አያቴ ፈርዳለች፣ ይግባኝ የለውም" አለችኝ። ስለዚህ ሁለተኛይቱ ትል በጫኖ ስም ተጠራች። ሙዝና ማንጎ ከጫነ መኪና በቀር ማንም የማያነሣው የጫኖ ስም፣ አሁን በዓለም የእንስሳት መዝገብ ውስጥ አለ።

ጽሑፉን እንደገና ላክን። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ያው የበፊቱ እንደሆነ ከአጻጻፉ አወቅነው። የመጀመሪያው ጥያቄው በሚገባ እንደተመለሰለት ጽፎ፣ ሥዕሎቹን ለይቶ አመሰገነ። ሰላማዊት ያንን መስመር አተመችና በቤቴ በር ሥር አስገብታልኝ ሄደች። የኔ ስም ከሥዕሎቹ ሥር በትንሹ አለ። ያንቺ ከሁሉ በላይ፣ መጀመሪያ ነው። ከጎኑ ትንሽ መስቀል አድርገውበታል፤ ጸሐፊው በሕይወት የለም ማለት ነው አሉኝ። ማተብ አንገቴ ላይ እያየሽ ስንት ዘመን ስትቀልጂብኝ የኖርሽ አንቺ ጴንጤዋ፣ በመጨረሻ ስምሽ መስቀል አሰረ። ሳየው መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ፤ ትንሽ ነው፣ አትቆጪ።

ትምህርት ክፍሉ ለዚህ ሥራ አንድ ጠዋት አዳራሽ ከፍቶ ሰው ጠራ። ሊዲያ ከሐዋሳ መጣች። እናትሽ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ጋር ከጫኖ መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ሰላማዊት የጫኖዋን ትል ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራችው፤ መንጠቆዋ የሰው ቁመት አከለ። እናትሽ ወደ እኔ ዘንበል ብለው "ይቺን የምታህል ነገር ተሸክሞ ነው ዓሣው የሚዋኘው?" አሉኝ። ከጨው ቅንጣት እንደምታንስ ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ሰላማዊት በኋላ ማይክሮስኮፑን አሳየቻቸው።

ከዚያ የትሏ ሙሉ ስም በፈረንጅ ፊደል ግድግዳው ላይ ወጣ። ሰላማዊት አስረዳች፦ በየትኛውም አገር ያለ ሰው የዚህችን ትል ስም በሙሉ ሲጽፍ፣ ከኋላው ትሏን ለዓለም የገለጹትን ሰዎች ስምና የታተመበትን ዓመት ይጽፋል። ፈረንጅ ደግሞ የሚጠራው በአባት ስም ነው። እናትሽ አልገባቸውም። ሊዲያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ በጣቷ ግድግዳውን እያሳየች "አያቴ፣ እዚያ ላይ ሻንቆ ይላል" አለቻቸው።

እናትሽ ተነሡ። መነጽር የላቸውም፣ ፊደሉንም አያውቁትም፣ ግን ትክ ብለው አዩት። "ሻንቆ ማንበብ አይችልም ነበር" አሉ በአማርኛ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ። ቀጥለው በጋሞኛ የተናገሩትን እኔ በሙሉ አልተከታተልኩትም፤ ያንቺንና የአባትሽን ስም እየደጋገሙ ሲያመሰግኑ ሰማሁ። ከዚያ እልልታውን ለቀቁት። የጫኖ ሴቶች ተቀበሏቸው። እልል ብለው የማያውቁ ዶክተሮች ሳይቀሩ ቆመው አጨበጨቡ። እኔ የሊዲያን እጅ ይዤ እዚያ ቆሜ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ አላስታውስም። ሠርጋችን ቀን እንኳ ጫማዬ እየጠበበኝ ስለነበር አይቆጠርም።

ወሬው በዚያ አላበቃም። ከከተማው ወጣ ብለው የዓሣ ኩሬ የቆፈሩ ወጣቶች የዓሣ ጫጩቶቻቸው እያለቁባቸው ሰላማዊትን ፈልገው መጡ። ሄዳ ስንጥቡን ስታይ በጫኖዋ ትል ተሸፍኗል፤ ከቦይ ያጠመዱትን ዓሣ ሳያቆዩ ኩሬው ውስጥ ጨምረውት ኖሯል። አዲስ የሚገባውን ለብቻው እንዲያቆዩ፣ በጨው ውሃ እንዲያጥቡ አሳየቻቸው። ዘንድሮ ጫጩቶቻቸው ተርፈውላቸው፣ ለምስጋና ዓሣ ጠብሰው ይዘውልን መጡ። ሰላማዊት ከመብላቷ በፊት ስንጥቡን ፈለገች፤ ጥለውት ነው የጠበሱት፣ አዘነች። ቁርጥ አንቺን።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሙከራ እየሄድኩ ተማሪዎች ከማይክሮስኮፕ ሥር ያዩትን እንዲስሉ አስተምራለሁ። ናሙናዎቹ ሙዚየም ደርሰዋል፤ የኛ ትሎች ከአርባ ምንጭ ሙቀት ርቀው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል።

የኔ እመቤት፣ እንግዲህ የማላውቀው ሰው በማላውቀው አገር አምባዛ ሰንጥቆ ስንጥቡን ባየ ቁጥር ስምሽን ይፈልጋል። እሱ ስምሽንና ዓመቱን ይዞ ይሂድ። ቀሪውን እኔ እይዘዋለሁ፦ ቁልቁለት ላይ ባጃጅ ሲፈጥን ጉልበቴን ጨብጠሽ የምትይዢውን፣ ወጥ ስትቀምሺ አንድ ዓይንሽን የምትጨፍኚውን፣ መዝሙሩ ከፍ ሲል ድምፅሽ ተሰብሮብሽ ራስሽ በራስሽ የምትስቂውን። ይህ የትም አልታተመም፤ ሙዚየምም የለውም። እኔ እስካለሁ ድረስ አንዱም እንዳይደበዝዝ እጠብቀዋለሁ፣ ለሊዲያም እየነገርኩ አስረክባታለሁ።

ባልሽ፣
መስፍን
ከአርባ ምንጭ፣ ከቤታችን